በነጠላ የተሸፈነው የዱባ አበባ

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቅልኝ የምሻው ነገር አለ። ከምተርከው ውስጥ በዓይኔ ያየሁት አለ፤ ከሰው የሰማሁት አለ፤ አይቼው ይሁን ሰምቼው ዛሬ ለመለየት የሚያዳግተኝም አለ። ለመጀመሪያው ምስክሩ እኔው ነኝ፤ ጠንካራ ምስክር እንዳልሆንሁ ግን ራሴን ታዝቤአለሁ። ለሁለተኛው ባለቤቴ ትረዳኛለች፤ እርሷም ብትሆን ነገርን የምታስታውሰው በአዝመራ ነው፤ «ባቄላው እሸት የነበረ ጊዜ ነው» ትለኛለች እንጂ ዓመቱን አትነግረኝም። የመስክ ማስታወሻዎቼ ለመሥሪያ ቤት የተጻፉ ስለሆኑ ስለ ችግኝና ስለ መሬት ስፋት ይናገራሉ፤ ስለ ሰው ፍርሃት የጻፍሁባቸው ነገር የለም። ከሁሉ የተሻለ ምስክር ሊሆኑ ይችሉ የነበሩት ጋሽ ይስማው ናቸው፤ እርሳቸውም አርፈዋል። ስለዚህ «ይመስለኛል» የሚለውን ቃል ባበዛሁበት ቦታ አንባቢ ይታገሠኝ። የማበዛው ስለምፈራ ነው።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን ከቤቴ ጀርባ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ የማለማበት ጠባብ ጓሮ አለኝ። በዙሪያዬ ያለው አጥር ሁሉ ብሎኬት ሆኗል፤ የጎረቤት ግቢም ሲሚንቶ ለብሷል። ዘንድሮ በመስከረም አንድ ጠዋት ቆሜ የዱባው አበባ ሲፈካ አየሁ፤ ወደ እርሱ ግን የመጣ አልነበረም። ከአጥሩ ወዲያ ባጃጆቹ ይጮኻሉ፤ የንብ ድምፅ የለም። ያን ጊዜ የያዘኝን ፍርሃት ከዚህ በፊት በሌላ ሰው ጓሮ ውስጥ አውቀዋለሁ። ይህን መጻፍ የጀመርሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሥራ የጀመርሁት ጉንደ ወይን ነው። የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያ ተብዬ ስመደብ የተማርሁት ሁሉ ስለ አፈር፣ ስለ ውሃና ስለ ዘር ነበር። አበባ ፍሬ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ በመካከል ያለውን ግን የፈተና ጥያቄ አድርጌ እንጂ የሥራዬ ድርሻ አድርጌ አላየሁትም። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ሪፖርቱ በየወሩ ይላካል፤ ስለ ሁለቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። አለቃችን ቅን ሰው ነበሩ፤ ጓሮን የሚያውቁት ግን በዕቅድና በክንውን ነው። ተባይ ታየ በተባለበት ሁሉ «መድኃኒት ይረጭ» ይላሉ።

ጋሽ ይስማውን ያወቅኋቸው በዚህች ቃል ሰበብ ነው። የንብ እርባታ ባለሙያ ነበሩ። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው ዘመናዊ ትምህርት የጀመሩት ዘግይተው ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «የንብ የኔታ» ይሏቸዋል። በአንድ ስብሰባ ላይ አለቃችን እንደ ልማዳቸው መድኃኒት ይረጭ ሲሉ ጋሽ ይስማው እጃቸውን አነሡ።

«ለየትኛው በሽታ?»

«በሽታ አይደለም እኮ፤ ለተባይ ነው።»

«እንግዲያው መርዝ ይበሉት። በግእዙ መድኃኒት ማለት መዳኛ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚህ የዳነ ንብ አላየሁም።»

«አቶ ይስማው፣ እዚህ ስብሰባ ነው፤ ቅኔ አይዘረፍም።»

«እኔ መቼ ዘረፍሁ? የተዘረፍሁት እኔ ነኝ፤ ቀፎዬ ባዶውን ነው ያለው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከስብሰባው በኋላ ግን ወደ ቀፎዎቻቸው ወስደው ደጃፉ ላይ እንደ ገብስ ገለባ ተበትኖ የነበረውን የንብ ሬሳ ሲያሳዩኝ ሳቄ ቆመ። ከአበባ የተመለሱ ንቦች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ እግራቸው ላይ ያዘሉት ቢጫ ዱቄት እንዳለ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወደ ገበሬ ጓሮ ሲሄዱ እከተላቸው ጀመር። ልማዳቸውን ደኅና አድርጌ የማስታውስ ይመስለኛል። ባለቤቶቹን በወጉ ሰላም ካሉ በኋላ ምንም ሳይጠይቁ ዱካ፣ ማለትም አጭር መቀመጫ፣ ያስመጣሉ። ጥላቸው አበባው ላይ እንዳያርፍ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ይቀመጣሉ። ጓሮ በሚገቡበት ቀን ሽታ ባለው ሳሙና አይታጠቡም። «መጀመሪያ ጓሮው ይናገር» ይሉና ዝም ይላሉ። የወደቀ ፍሬ ሲያገኙ በሰንጢ ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቁታል፤ ዘሩ ባዶ ከሆነ ንብ አልደረሰችም ማለት ነው፤ አንድ ጎኑ ወፍሮ ሌላው ከሰለለ ደርሳ ቸኩላለች ማለት ነው። የሴቴዋን አበባ እምብርት በጥፍራቸው ጫፍ ነክተው ጥፍራቸውን ጥቁር ኮታቸው ላይ ይጠርጉታል፤ ቢጫ ከታየ ፊታቸው ይበራል። በመስከረም የኮታቸው እጅጌ ቢጫ ሳይሆን የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

መጽሐፉ ይህን ነገር ርክበ ብናኝ ይለዋል፤ ጋሽ ይስማው ግን ሰርግ ይሉታል። የዱባ ወንዴ አበባና ሴቴ አበባ ለየብቻ ናቸው፤ ወንዴው በቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች። «ሁለቱ አይተዋወቁም» ይሉኝ ነበር፤ «ሽማግሌ የምትላከው ንቧ ናት። ሽማግሌ ካልመጣ ሰርግ የለም፤ ሰርግ ከሌለ የያዘችው ይጨነግፋል።»

ንብን ወደ ጓሮ መጥራትም ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ጎመን ሁሉ ተቀጥፎ አይለቅ፤ ጥቂቱ አገዳ አውጥቶ እንዲያብብ ይተው። በአትክልቱ መካከል በሶብላና ድንብላል ይዘራ። አጥር ሥር የበቀለ መጭ አረም ነው ተብሎ አይነቀል፤ ቢጫ አበባው ንቧን ከሩቅ ይጠራታል። ውሃ በገል ይቀመጥላት፤ ሳትሰጥም ቆማ እንድትጠጣ ጠጠር ይግባበት። ጣዝማና መሰሎቿ የሚኖሩት በመሬት ውስጥ ስለሆነ ከጓሮው አንድ ጥግ ሳይቆፈር ይቅር። የግድ የሚረጭ ነገር ካለም አበባ በፈካበት ጠዋት አይሁን። «እንግዳ ጠርተህ ደጅህ ላይ መርዝ ትደፋለህ?» ይላሉ። እኔ ከትምህርት ቤት ይዤው የመጣሁትን ሁሉ ከዚያ ወዲህ በዚህ ጥያቄ እየመዘንሁ ነው የሠራሁት።

ከጉንደ ወይን ወደ ሌሎች ወረዳዎች፣ በመጨረሻም ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርሁ። ቢሮ የተቀመጥሁባቸውን ዓመታት እዘላቸዋለሁ። የምተርከው ጉዳይ የመጣው ጡረታዬ ሲቃረብ ነው። በደብረ ኤልያስ በኩል ካለች አንዲት መንደር የዱባ ፍሬ በጨቅላነቱ እየረገፈ ነዋሪው መቸገሩን የሚገልጽ መልእክት ደረሰን፤ ምክንያቱ «የዘር በሽታ» ሳይሆን እንደማይቀር ተገምቶ ነበር። ጋሽ ይስማው ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ደብረ ማርቆስ ይኖሩ ስለነበር አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኋቸው። ኮታቸውን ለብሰው መጡ።

ያስገባችን ወይዘሮ ይታይሽ የምትባል ባለ ጓሮ ናት፤ አንደበተ ርቱዕ፣ ሳቂታ፣ የመንደሩ ሴቶች የምትለውን የሚሰሟት ሴት።

«ይኸው ጋሼ፣ እንደ ዶሮ እንቁላል ሆኖ ይመጣና ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ዱብ!»

«ስሙን ያወጣለት ሰው አውቆበታል» አሉ ጋሽ ይስማው። «ዱባ ብላችሁት ዱብ እንዳይል ማን ይከልክለው?»

ሳቀች፤ ወዲያው ግን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ዙሪያዋን ቃኘች።

«ይሳቁ እርስዎ። የምንበላው እኛ ነን።»

«ማን ነው የሚበላችሁ?»

«ዓይን ነዋ።»

በከንፈሯ ከመንደሩ ጫፍ ያለች አንዲት ጎጆ አመለከተችን። የሸክላ ሠሪዋ የማንጠግቦሽ ቤት ነው። መንደርተኛው ለእንዲህ ያለው ዓይን ባለቤት የሚሰጠው አንድ ስም አለው፤ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን አልጽፈውም። በአንድ ቃል ሰው ከቤቱ ሲነሣ አይቻለሁና ቃሉን በእጄ ማስፈር ያስፈራኛል።

በማግሥቱ ገና ሲነጋጋ ወደ ጓሮው ተመለስን። ያየሁትን ዛሬም አልረሳሁትም፤ እዚህ ላይ «ይመስለኛል» አልልም። ጓሮው በሙሉ ተሸፍኖ ነበር። አሮጌ ነጠላ፣ የተቀደደ አንሶላ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሁሉም በዱባው ሐረግ ላይ ተዘርግቶ በድንጋይ ተይዟል። የቀጣዩ ጎረቤት ጓሮም፣ ከዚያ ያለውም እንዲሁ ነው። በጤዛ የራሰውን ያን ሁሉ ጨርቅ ሳይ የተገነዘ ሰው ያየሁ መሰለኝ።

ጋሽ ይስማው ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ወጣች። ከአጥሩ መጭ ላይ ንቦች ተነሥተው መጡ፤ ከነጠላው በላይ ዞሩ፤ አንዳንዶቹ ጨርቁ ላይ አርፈው ተራመዱና ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ማንጠግቦሽ ከወንዝ ዳር የቆፈረችውን የሸክላ አፈር በጀርባዋ አዝላ በጓሮዎቹ መካከል ባለው መንገድ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ዓይኗን ከእግሯ ጣት ላይ ሳታነሣ «እንዴት አደራችሁ» አለች። ከእኛ ከሁለታችን በቀር የመለሰላት የለም። ይታይሽ የእሷ ኮቴ እስኪርቅ፣ ፀሐይዋም ጠንከር እስክትል ጠበቀችና ነጠላዎቹን ማንሣት ጀመረች። ከሥር ያሉት አበቦች ሁሉ እንደ ተጨማደደ መሐረብ ተጣጥፈው ተዘግተዋል።

«ልጄ» አሏት ጋሽ ይስማው፤ ቀስ ብለው ነው፤ «ይህን ነጠላ መቼ ነው የምታለብሽው?»

«ማታ፣ ከብት ሲገባ።»

«የምትገልጭውስ?»

«እሷ ካለፈች ወዲያ ነዋ ጋሼ! ዕውር አይደለች፤ ክፍቱን ብተወውማ ምን ይተርፈኛል?»

«የዱባ አበባ ዕድሜዋ አንድ ጠዋት ነው። ሲነጋ ትፈካለች፤ ሳይረፍድ ትዘጋለች፤ ዳግመኛ አትከፈትም። ያችን አንዲት ጠዋቷን አንቺ ጨርቅ አለበሽባት። ሽማግሌዋ ደጅ ቆማ ተመለሰች።»

ነገሩ ያን ጊዜ ነው የተገለጠልኝ። ፍሬ ስለረገፈ ይሸፍናሉ፤ ስለሸፈኑ ይረግፋል። በማንጠግቦሽ ቤት አጠገብ ያሉት ይበልጥ ስለሚፈሩ ይበልጥ ይሸፍናሉ፤ ስለዚህ ይበልጥ የሚረግፈው የእነርሱ ነው፤ ይህም ለዓይኗ ማስረጃ ይሆናል። መጀመሪያ የረገፈው ምን ሆኖ እንደሆነ አላወቅሁም፤ በታች ያሉት የስንዴ ማሳዎች በጠዋት ስለሚረጩ ንቡ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን በማግኘቴ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ፈራሁ። ይህችን ሴት «ነጠላውን አንሽው» ማለት «የምትፈሪውን ዓይን ጓሮሽ ላይ አውጪው» ማለት ነው። ብታነሣውና በብርድ ወይም በርጭት ምክንያት ፍሬው ቢረግፍስ? በማንጠግቦሽ ላይ የመጨረሻውን ማስረጃ ያቀረብን እኛ እንሆናለን።

«ትጠያታለሽ?» አልኋት ይታይሽን።

«ኧረ በማርያም! ስወልድ ውሃ የቀዳችልኝ እሷ ናት። ፈርቼ ነው እንጂ ጋሼ። ሰው የፈራውን እንዴት ይጠላል?»

ስጋቴን ለመቀነስ በእጅ ማዳቀልን አሳየኋት። ወንዴውን አበባ በጠዋት ቆርጦ፣ ቅጠሎቹን ልጦ፣ ቢጫ የሆነውን ጫፉን ከሴቴዋ እምብርት ጋር ማነካካት ነው። እጇ ቀልጣፋ ነው፤ ወዲያው ለመደችው። ጋሽ ይስማው ግን ከለከሉ። «የእናንተ እጅ ከገባበት ‹የባለሙያ እጅ አዳነው› ይባላል፤ ዓይኑም እንዳለ ይቀራል። ንቧ ራሷ ትመስክር» አሉ። ይታይሽን አግባብተው፣ በቀረው የአበባ ጊዜ ሳትሸፍን እንድትቆይ ቃል አስገቧት። መጩ እንዳይነቀል፣ ያበበው ጎመን እንዳይቆረጥ፣ ውሃ በገል እንዲቀመጥ ነገሯት። የታችኛውን ማሳ ባለቤትም ርጭቱን ወደ ማታ እንዲያደርገው ለመንነው። ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስን።

መንገዱ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ስለነበር እንዳሰብነው ቶሎ አልሄድንም። ስንደርስ የይታይሽ ጓሮ ውስጥ ዱባዎቹ በቅጠሉ ሥር ተኝተው ነበር፤ የሕፃን ራስ የሚያህሉ፣ ሙሉ፣ ምንም ያልሰለሉ። ጋሽ ይስማው እንደ ልጅ እጃቸውን አጨበጨቡ። ይታይሽ እየሮጠች መጣች።

«እግዜር ይስጥልን ጋሼ! ሄደችልን እኮ!»

«ማን ሄደች?»

«ማንጠግቦሽ ናታ! ቤቷን ዘግታ ማርቆስ እኅቷ ዘንድ ገባች። ይኸው እሷም ሄደች፣ ዱባውም ያዘ።»

ጋሽ ይስማው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ሳያዞሩ ተቀመጡ። «ሁለት ነገር አንድ ላይ ተነሣ» አሉኝ፤ «ነጠላውም ተነሣ፣ ሴትየዋም ተነሣች። ከሁለቱ ዱባውን ያዳነው የትኛው እንደሆነ አሁን ማን ይፈርዳል?» መንደሩ ግን ፈርዶ ጨርሷል። በሥራ ዘመኔ ሙሉ እንደዚያ ያለ ሽንፈት አላውቅም። በትክክል የመከርነው ምክር ሠርቶ ሳለ፣ ፍሬው ሴትየዋን ከሀገሯ የሚያግድ ማስረጃ ሆነ። ማንጠግቦሽ ለምን እንደሄደች ኋላ ነግራኛለች፤ ነጠላው ሲነሣ አይታ ነው። «አሁን ቢረግፍ ይገድሉኛል ብዬ» አለችኝ።

ጋሽ ይስማው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታመሙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ራሳቸው ሕመም አላወሩኝም። «እሷን ቦታዋ መልሰህ፣ አበባውን ገልጠህ፣ ንቧን ጠብቅ። ሌላ መንገድ የለም» አሉኝ። እሺ አልሁ። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

እኔም ጡረታ ወጣሁ። ማንጠግቦሽን የማገኛት ማርቆስ ገበያ፣ ድስትና ጀበና ዘርግታ ነው። አንድ ቀን ለንቦች ውሃ ማስቀመጫ ዝርግ ሸክላ ከእሷ ስገዛ ድስቱን በጣቷ እያንኳኳች «ይስሙት» አለችኝ፤ «ድምፅ የለውም። የዚህ አፈር እሳት ይፈራል። የእኔ አፈር እዚያ ነው። ልመለስ ጋሼ፤ ይርዱኝ።»

የመንደሩን ሽማግሌዎች አነጋገርሁ። ታላቃቸው አያ ደሴ ናቸው፤ ቀልደኛ ሰው ሲሆኑ በዚህ ነገር ግን አልቀለዱም። «ትምጣ። በአበባው ሰሞን ጓሮው መካከል ትቀመጥ። ከያዘ አፋችንን እንዘጋለን። ከረገፈ ግን እርስዎም አያማልዱን» አሉኝ። ጓሮው የይታይሽ እንዲሆን ተወሰነ። የሰውን ቤት በንብ ክንፍ ላይ ማስቀመጥ ነውና እንቢ እንድትል በልቤ እየጸለይሁ ለማንጠግቦሽ ነገርኋት። «ከረገፈ ራሴ እሄዳለሁ፤ ማንም አያባርረኝም» አለች።

የአበባው ሰሞን ደርሶ የተቀጠርንበት ጠዋት የጉም ጠዋት ነበር። ከበረዶ ሌላ የፈራሁት ሁሉ ተሰበሰበ፤ ብርድ አለ፤ ከታች ከስንዴው ማሳ ትናንት የተረጨው ነገር ሽታ አለ፤ ንቡም ጋሽ ይስማው በነበሩበት ዘመን እንደነበረው አይደለም። አበቦቹ ግን ፈክተዋል። ማንጠግቦሽ በሐረጉ መካከል በዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ አድርጋዋለች፤ ዓይኗ አበባው ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ በአጥሩ ጥግ ግንድ ላይ ተደርድረዋል። ይታይሽ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ መቀመጥ አልቻለችም።

ንብ የለም።

«ንብ ዘንድሮ ባለሥልጣን ሆናለች፤ አርፍዳ ነው የምትገባው» አሉ አያ ደሴ።

የሳቀ የለም።

«አያ፣ እርስዎስ ሽማግሌ አይደሉ? ይሂዱና አበባውን ያማልዱ» አለች ይታይሽ።

«አፍሽን ያዥ! ለዚህስ ጢሜ ሸብቷል።»

አሁን ትንሽ ሳቁ። ማንጠግቦሽ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞር ብላ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ መዘጋት ጀመረች እንዴ?» አለችኝ። አጠገቧ ያለችውን አበባ አየሁ፤ ጫፏ ጠቅለል ማለት የጀመረች መሰለኝ። ጉሙ በዚያ ሰዓት ተገለጠ ብዬ ብጽፍ ለታሪኩ ያምር ነበር፤ እውነቱ ግን ጉሙ ቀስ በቀስ ነው የሳሳው፤ የመጀመሪያዋ ንብ ከየት እንደመጣችም አላየሁም። ድምፅዋን ነው የሰማሁት። ማንጠግቦሽ ጉልበቷን በእጇ ጨብጣ ደርቃ ቀረች። ንቧ በትከሻዋ አልፋ ወንዴው አበባ ውስጥ ገባች፤ ቢጫ ለብሳ ወጣች፤ ሴቴዋ ውስጥ ገባች። ከዚያ ሌሎች መጡ፤ ብዙ አይደሉም፤ በቂ ነበሩ ወይ ብባል ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የተጎበኙትን አበቦች በክር ምልክት አሠርሁባቸው። በሚቀጥሉት ጠዋቶችም እንዲሁ ተቀመጠች፤ አንዳንዱ ጠዋት የተሻለ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ጊዜ በመጠበቅ አሳለፍነው። አንዱ ፍሬ ቢጫ ሆኖ ወደቀ፤ መንደሩ ማንሾካሾክ ጀመረ። ይታይሽ ግን ፍሬውን አንሥታ «ይህንማ ዶሮዋ ጫረችው፤ የጥፍሯን ምልክት አታዩም?» ብላ ጮኸችባቸው። እኔ ምልክቱን አላየሁም። የቀሩት ያዙ፤ ወፈሩ። አያ ደሴ ዱባዎቹን አንድ በአንድ በበትራቸው ነካክተው ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «ዓይኗ ዱባ እንደማይበላ አይተናል። ስለ ሌላው አልተጠየቅንም።» ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላገኘንም። ማንጠግቦሽ ዛሬ በቤቷ ናት፤ ሸክላዋን ታቃጥላለች። ሰላምታዋን የሚመልሱላት አሉ፤ የማይመልሱላትም አሉ። ጓሮ የሚሸፍን ግን እንደሌለ ሰምቻለሁ።

ያላረጋገጥሁት አንድ ነገር አለ። በዚያች በመጀመሪያዋ የጉም ጠዋት፣ ገና ንብ ሳትመጣ፣ ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ ጓሮው ስገባ ያየሁት ይመስለኛል፤ በአጥሩ ሥር፣ ሣሩ ውስጥ፣ ቅጠሎቹ በጥንቃቄ የተላጡ የወንዴ አበቦች ወድቀው ነበር። እንደዚያ የሚልጥ እጅ በዚያ መንደር ካለ ያስተማርሁት የይታይሽ እጅ ብቻ ነው፤ ይህ ከሆነ ከሁላችንም ቀድማ ተነሥታ የምትፈራትን ሴት ከመባረር ለማዳን በድብቅ ሠርታለች ማለት ነው። ነገር ግን የተላጡትን አበቦች ያየሁት በመጀመሪያው ዓመት፣ እኔው ራሴ ሳስተምራት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ጠዋቶች በአእምሮዬ ውስጥ ተደርበውብኛል። ኋላ ሳገኛት ልጠይቃት አፌን ከፈትሁ፤ እሷም ዓይን ዓይኔን እያየች «ምነው ጋሼ?» አለችኝ። «ምንም» አልኋት።